የማይልስ ዴቪስ «ኦን ዘ ኮርነር»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ሰው የማይልስን «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የተባለ አልበም የሆነ ካፌ ውስጥ ይሰማና ይወደዋል። «ይሄ ሰውዬ ሌላ ምን ሠርቷል?» ብሎ ይፈልግና «ኦን ዘ ኮርነር»ን ይከፍታል። በሁለተኛው ደቂቃ ስልኬ ይጮኻል። «የተበላሸ ፋይል ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ሁሉ አለ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

ለመሆኑ ምን ዓይነት አልበም ነው?

አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ በ1972 ለኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ የሠራው የስቱዲዮ አልበም ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በሦስት ቀን ተቀረጸ፦ ጁን 1፣ ጁን 6 እና ጁላይ 7። ገበያ ላይ የዋለው ኦክቶበር 11 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 1 ቀን 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ርዝመቱ 55 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለአንድ ሸክላ ብዙ ነው። ዘፋኝ የለበትም።

ስሙን በአማርኛ ልመልሰው ካልኩ «ጥጉ ላይ» እለዋለሁ። ልጆች ከሱቅ አጠገብ፣ አስፋልቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን የሚያዩበት፣ የሚቀላለዱበት ጥግ። አልበሙ ስለዚያ ጥግ ነው፤ ደግሞም ለዚያ ጥግ ነው የተሠራው።

ጃዝ ነው ወይስ ፈንክ?

ማይልስ ራሱ «ጃዝ» የሚለውን ቃል አይወድም ነበርና በዚህ ጥያቄ ብዙ አንቸገር። መሠረቱ ፈንክ ነው፤ መሠረቱ ላይ ቆመው የሚጫወቱት ደግሞ የጃዝ ሰዎች ናቸው።

ፈንክ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ግን ልብ በሉ፣ ያለዚያ አልበሙ አይገባም። ጄምስ ብራውን በ1960ዎቹ ያመጣው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ባንዱ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ከበሮ አደረገው። ጊታሩ ዜማ አይጫወትም፣ «ችክ ችክ» ይላል። ነፋሾቹ አጭር ቡጢ ሰንዝረው ይመለሳሉ። ባሱ ሦስት አራት ድምፅ ይዞ እዚያው ላይ ይመላለሳል። ሁሉም የሚገናኙት ደግሞ በመጀመሪያዋ ምት ላይ ነው፤ «አንድ» ስትቆጥሩ ወለሉ ላይ እግራችሁ የሚያርፍባት። ከዚያ በኋላ ስላይ ስቶን መጣ። እሱም ነገሩን አጨለመው፣ አጨቀየው። ማይልስ የሁለቱንም ሸክላ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ለዚህም በከፊል የምናመሰግናት ቤቲ ማብሪን ነው። በ1968 አግብቷት ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ፤ ነገር ግን የጂሚ ሄንድሪክስንና የስላይ ስቶንን ሙዚቃ ወደ ቤቱ ያስገባችው እሷ ናት። በኋላ «ቤቲ ዴቪስ» በሚል ስም የራሷን የፈንክ አልበሞች ሠራች፣ እነሱም የዋዛ አይደሉም።

«ካይንድ ኦቭ ብሉ»ን የሠራ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ?

በአንድ ሌሊት አይደለም። «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የ1959 ሥራ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1969 «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ»ን አወጣ፣ ኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ፊት ወጡ። «ቢችስ ብሩ» በ1970 ተከተለ፣ ከበሮዎቹ በዙ። ቀጥሎ ለቦክሰኛው ጃክ ጆንሰን ዘጋቢ ፊልም የሠራው ሙዚቃ መጣ፣ እዚያ ላይ ጊታሩ ሮክ ሆነ። በየአልበሙ የሚቀነስ ነገር ነበር። መጀመሪያ የኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ለውጡ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ዜማው፣ ቀጥሎ የዘፈኑ መጀመሪያና መጨረሻ። «ኦን ዘ ኮርነር» ላይ ስንደርስ የቀረው ምት ብቻ ነው።

ወሳኙ ሰው ለእኔ ማይክል ሄንደርሰን ነው። ባሲስት ነው፣ ከጃዝ ቤት አልመጣም። ከዲትሮይት፣ ከሞታውን የሸክላ ኩባንያ ሙዚቃ ነው የመጣው። ማይልስ ከስቲቪ ዎንደር ባንድ ላይ ነው የነጠቀው፤ ለስቲቪም ፊት ለፊት «ባሲስትህን ወስጄዋለሁ» ብሎታል እየተባለ ይወራል። ያኔ ልጁ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። የጃዝ ባሲስት ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ደቂቃ ሰልችቶት መፈላሰፍ ይጀምር ነበር። ሄንደርሰን ግን ያችኑ ሐረግ ለሃያ ደቂቃ ይይዛታል፣ ንቅንቅ አይልም። ይሄ ቀላል የሚመስለው ባስ ጊታር ይዞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ትራምፔቱ የታለ? የትራምፔተኛ አልበም አይደለም እንዴ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄንን ነው፣ የምወደውም ጥያቄ ይሄው ነው።

አለ። ግን በምታውቁት ድምፅ አይደለም። ማይልስ በ1950ዎቹ የታወቀው በትራምፔቱ አፍ ላይ በሚሰካ ማፈኛ ነበር፤ ድምፁን ቀጭን፣ ቅርብ፣ ጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ ያደርገዋል። እዚህ ግን ትራምፔቱን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ፣ የጊታር ተጫዋቾች በእግራቸው የሚረግጡትን ዋዋ ፔዳል አስገባበት። ፔዳሉ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁ አፍ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ሰው «ዋ... ዋ» ይላል። ስለዚህ የጊታሩና የትራምፔቱ ድምፅ ይመሳሰላሉ፤ አንዳንዴ የቱ የማን እንደሆነ ለመለየት እኔም ወደ ኋላ እመልሳለሁ።

ሌላው ደግሞ ማይልስ ረጅም ሶሎ (ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል) ይዞ ፊት አይቆምም። ሁለት ሦስት ድምፅ ይጥላል፣ ዝም ይላል፣ ሌሎቹ ሲሞሉት ይጠብቃል፣ እንደገና ብቅ ይላል። የሚጫወተው ምት ነው። በዓለም ላይ በዜማው የታወቀው ትራምፔተኛ፣ በራሱ አልበም ላይ ከከበሮ መቺዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። አልበሙን ለመስማት ቁልፉ ይሄ ነው፤ ትራምፔቱን ፈልጋችሁ ከላይ አትጀምሩ፣ ከታች ጀምሩ። ባሱን ያዙት። ትራምፔቱ ራሱ ይመጣል።

እነማን ተጫወቱ? ሽፋኑ ላይ ለምን ስማቸው የለም?

ማይልስ ሆን ብሎ ነው ያስቀረው። ሃያሲዎች «እገሌ ይሄን ተጫወተ፣ ይሄ መሣሪያ የዚያ ነው» እያሉ እንዲመድቡት አልፈለገም። ስሞቹ የወጡት ኋላ ነው፤ ሲወጡ ደግሞ ሰው አፉን ያዘ። በኪቦርድ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ቺክ ኮሪያና ሃሮልድ አይቮሪ ዊሊያምስ። በጊታር ጆን ማክላፍሊንና ዴቪድ ክሪመር። በሳክስፎን ዴቭ ሊብማንና ካርሎስ ጋርኔት፣ በባስ ክላርኔት ቤኒ ሞፒን። ከበሮው ላይ ጃክ ዲጆኔት፣ ቢሊ ሃርትና አል ፎስተር። በእጅ የሚመቱት ላይ ዶን አሊያስና ምቱሜ። በሲታር (የህንድ የክር መሣሪያ) ኮሊን ዋልኮትና ካሊል ባላክሪሽና፣ በታብላ (በእጅ የሚመታ የህንድ ጥንድ ከበሮ) ባዳል ሮይ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የየራሳቸውን ባንድ የመሩ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የባዳል ሮይ ነገር ይገርመኛል። የዛሬዋ ባንግላዴሽ ተወላጅ ነው። ኒውዮርክ የሄደው ስታቲስቲክስ ለመማር ነበር፤ ኑሮውን ለመደጎም የህንድ ምግብ ቤት ይሠራ ነበር፣ እዚያም ታብላ ይመታል። ማክላፍሊን ያገኘው እዚያ ነው። ሮይ ራሱ እንዳወራው፣ ስቱዲዮ ገብቶ እነዚያን ሁሉ ታላላቅ ሰዎች አይቶ ቁጭ ባለበት ማይልስ ዞር ብሎ «አንተ ጀምር» አለው። ሌላ ቃል የለም። ጀመረ፣ ሄርቢ ሃንኮክ አንገቱን እየነቀነቀ ገባ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለ።

ቀረጻው ልምምድ ነበረው?

እኛ በምናውቀው መልኩ አልነበረውም። የዴቭ ሊብማንን ታሪክ ልንገራችሁ፣ እሱ ደጋግሞ ያወራዋል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሳለ እናቱ ደወሉ፦ ማይልስ ዴቪስ ይፈልግሃል፣ አሁኑኑ ስቱዲዮ ድረስ። ሮጠ። ሲደርስ ቀረጻው ተጀምሯል። ማይልስ በምልክት አስገባው፣ ማይክራፎኑ ፊት አቆመው። የጆሮ ማዳመጫ የሰጠው ሰው የለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ኪቦርዶቹና ባሱ በሽቦ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ነው የሚገቡት። ክፍሉ ውስጥ ሲቆም የሚሰማው የከበሮ መዓትና የኪቦርድ ቁልፎች ኳኳታ ብቻ ነው። ሌሎቹ የትኛውን ድምፅ መነሻ አድርገው እንደሚጫወቱ አያውቅም። ሶፕራኖ ሳክስፎኑን አፉ ላይ አደረገና በግምት ገባ። በመጀመሪያው ትራክ የምትሰሙት ሶፕራኖ ያ ነው። አሁን ይሄን አውቃችሁ መልሳችሁ ስሙት፦ አንድ ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ ይመስላል። ለእኔ ከአልበሙ ሕይወት ያላቸው ደቂቃዎች እነዚያ ናቸው። ሊብማን በቀጣዩ ዓመት የማይልስ ባንድ አባል ሆነ።

ስቶክሃውዘን የሚባል ጀርመናዊ ስም ይነሳል። ምን አገባው?

በእንግሊዛዊው ፖል ቡክማስተር በኩል ነው የገባው። ቡክማስተር ቼሎ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው፤ የዴቪድ ቦዊንና የኤልተን ጆንን ዘፈኖች በማቀናበር ይታወቃል። ማይልስ ከለንደን አስመጣውና ቤቱ አስቀመጠው። እሱም የካርልሃይንዝ ስቶክሃውዘንን ሙዚቃ አሰማው፤ በቴፕና በኤሌክትሮኒክስ ድምፆችን የሚያጠላልፍ ዘመናዊ ሙዚቃ። ማይልስ ከዚያ የወሰደው ሐሳብ ሙዚቃ መጨመርና መቀነስ ነው የሚለው ነው። መነሻና መድረሻ ያለው ዘፈን አያስፈልግም። የሚሄድ ነገር አለ፤ አንዱ ድምፅ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፣ ነገርየው ይቀጥላል።

ቡክማስተር ኖታ ጽፎ መጥቶ ነበር፣ ተጫዋቾቹ ግን ከቁራጩ በላይ ብዙም አልተከተሉትም። ይባስ ብሎ ከማይልስ አልበሞች ሁሉ በትንሹ የሚወደው ይሄንኑ እንደሆነ ተናግሯል። እኔ አልፈርድበትም።

ቴኦ ማሴሮ ማነው?

ፕሮዲውሰሩ። ይሄን አልበም ማይልስ በስቱዲዮው ወለል ላይ፣ ማሴሮ በምላጭ ነው የሠሩት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ተጫዋቾቹ ለረጅም ጊዜ ይጫወታሉ፣ የቴፑ ክር ይዞራል። ከዚያ ማሴሮ ክሩን ይቆርጣል፣ ያቆራኛል፣ ሌላ ድምፅ ይደርባል። ዛሬ ማንም ልጅ ላፕቶፕ ላይ በጣቱ የሚሠራውን ያኔ በምላጭና በማጣበቂያ ነበር የሚሠሩት።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ትራክ ከመሃሉ የሚጀምረው። መግቢያ የለውም። በር ስትከፍቱ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ጨዋታውን ይዞ ቆይቷል፣ እናንተ ናችሁ የዘገያችሁት።

የመጀመሪያው ትራክ አራት ስም አለው። አራት ዘፈን ነው?

ስሙ አራት ነው፣ ጆሮ ግን አንድ ነው የሚሰማው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የአንዱ ማብቂያና የሌላው መነሻ የት እንደሆነ መፈለግ ድካም ነው። የመጨረሻው ስም «ማይልስን ምረጡ» የሚል ነው፤ 1972 አሜሪካ ፕሬዚዳንት የምትመርጥበት ዓመት ነበርና ቀልዱ ግልጽ ነው።

ሌሎቹ ሦስት ትራኮች ደግሞ በተቃራኒው ስማቸው የተለያየ ሆኖ ሥራቸው አንድ ነው። «ብላክ ሳቲን»፣ «ዋን ኤንድ ዋን» እና የመጨረሻው የ23 ደቂቃው ትራክ ያንኑ ምትና ያንኑ የባስ ሐረግ ነው የሚያመላልሱት። «አታለሉን» የሚል ሰው አለ። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ ሠርግ ቤት ችክችካው ሲደራ፣ ከበሮ መቺው ላብ በላብ ሆኖ ያንኑ ምት ሲመታ፣ «አሁንም ያው ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምቱ ያው ነው። የሚለዋወጠው መሃል የሚገባው ሰው ነው።

ለምን ተጠላ?

የተጠላው ከሁለት ወገን ነው። የጃዝ ሃያሲዎች አልበሙ እንደወጣ ወረዱበት፦ ዜማ የለም፣ ሶሎ የለም፣ ችሎታ የለም፣ ለገንዘብ ብሎ ወጣቱን መከተል ነው አሉ። ከሙዚቀኞችም መካከል ከባድ ቃል የተናገሩ ነበሩ። የመጨረሻው ክስ ሁሌም ያስቀኛል፤ ለገንዘብ የሠራ ሰው ሃያ ደቂቃ ያለ መዝሙርና ያለ ማቆሚያ የሚሄድ ነገር ይሠራል?

ሁለተኛው ወገን ያልሰማው ነው። ማይልስ ይሄን የሠራሁት የጥቁር ልጆች እንዲጨፍሩበት ነው ይል ነበር። በ1989 በወጣው የሕይወት ታሪኩም ኮሎምቢያን በዚህ ይወቅሳል፤ ሸክላውን እንደ ወትሮው የጃዝ ሥራ አድርገው፣ ለጃዝ ሬዲዮ ጣቢያዎች ላኩት። የጃዝ ጣቢያው አድማጭ ደግሞ የድሮውን ማይልስ ነው የሚፈልገው። ጥጉ ላይ የቆመው ልጅ መውጣቱንም ሳያውቅ ቀረ። ሽያጩም ከማይልስ ሥራዎች ደካማው ተርታ ነው። ይሄ ግን የሙዚቃው ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። በቀጣዩ ዓመት ሄርቢ ሃንኮክ «ሄድ ሃንተርስ»ን አውጥቶ ገበያውን ተቆጣጠረ፤ ባስ ክላርኔቱም ያው ቤኒ ሞፒን ነው። የሃንኮክ ግን ሰው ከንፈሩ ላይ ይዞት የሚሄድ ዜማ ነበረው። እውነቱ ይነገር፣ ማይልስ ይሄን ዜማ ለማንም አልሰጠም።

በዚያው ኦክቶበር መኪናውን አጋጭቶ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። አልበሙን ተከትሎ በየመድረኩ መሮጥ በሚገባው ሰዓት አልጋ ላይ ነበር።

ሽፋኑስ? ካርቱን የሆነው ለምንድን ነው?

ኮርኪ ማኮይ የሚባል ሠዓሊ ነው የሣለው። የጥቁር ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሱሪያቸው ከታች የሰፋ፣ ባርኔጣቸው የዘመመ፣ አንዱ ሌላውን በዓይኑ የሚገላምጥ። ሸክላ ቤት መደርደሪያ ላይ ከሱፍ ከለበሱ የጃዝ ሰዎች ፎቶግራፍ መሃል ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ማይልስ የፈለገው ይህንኑ ነው።

ከሂፕ ሆፕ ጋር የሚያያይዙት ለምንድን ነው?

ሥራው ተመሳሳይ ስለሆነ። አንድ ምት ቆርጦ መውሰድ፣ ማመላለስ፣ ላዩ ላይ ሌላ ድምፅ መደረብ፦ ማሴሮና ማይልስ በ1972 ያደረጉት ይሄን ነው። ሂፕ ሆፕ በሸክላ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የመጡ ወጣቶች አልበሙን ሲሰሙ እንግዳ አልሆነባቸውም፤ አባቶቻቸው ያልገባቸው ነገር ለእነሱ የየቀን ሙዚቃቸው ነበር። በ1998 ባሲስቱና ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል የዚያን ዘመን ቴፖች እንደገና አቀናብሮ «ፓንታላሳ»ን ሲያወጣ «ብላክ ሳቲን»ንም አስገባ።

አንድ የሥጋ ዝምድናም አለ። በእጁ ከበሮ ይመታ የነበረው ምቱሜ በ1983 «ጁሲ ፍሩት»ን ሠራ። በ1994 ራፐሩ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. ያንን ወስዶ «ጁሲ»ን ዘፈነበት። ሂፕ ሆፕ የማያውቅ ሰው እንኳን ያንን ዘፈን ያውቀዋል። ማይልስ ራሱ የሠራው የመጨረሻው የስቱዲዮ አልበም፣ ከሞተ በኋላ በ1992 የወጣው «ዱ ባፕ»፣ ከሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰር ጋር የተሠራ ነው።

ከኢትዮ ጃዝ ጋር ግንኙነት አለው?

ቀጥታ ግንኙነት የለውም። ማይልስ ከእኛ ወሰደ፣ ወይም እኛ ከማይልስ ወሰድን የሚል ወሬ ስትሰሙ እለፉት።

የሚገርም ግጥጥሞሽ ግን አለ። ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ያወጣው በዚያው በ1972 ነው፤ የተቀረጸውም እዚያው ኒውዮርክ ነው። እሱም ላይ ዋዋ ጊታር አለ፣ እሱም ላይ ባሱ ይመላለሳል። ሁለቱን ተከታትሎ መስማት ጥሩ ትምህርት ነው። ሙላቱ ምቱን መሠረት አድርጎ ቅኝቶቻችንን ከላይ ያስቀምጣል፣ ለዜማው ቦታ ይለቃል። ማይልስ ከላይ ያለውን ያፈርሰዋል። አንዱ ቤት ሲሠራ ሌላው ጣሪያ ሲያነሳ ማለት ነው።

ጄምስ ብራውን ግን ለአዲስ አበባም እንግዳ አልነበረም። ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የአምሃ ሪከርድስን የዚያን ዘመን ሸክላዎች የሰማ ሰው፣ ነፋሾቹ እንደ ቡጢ ሲሰነዘሩ ጆሮው ያውቃቸዋል። ስለዚህ ከእኛ አድማጭ ጋር ሳወራ አንዳንዴ ከጃዝ ሳይሆን ከዓለማየሁ እጀምራለሁ፤ መንገዱ ያጥራል።

ከየት ልጀምር?

ከ«ብላክ ሳቲን»። አምስት ደቂቃ ናት፣ አትገድልም። መጀመሪያ ታብላና ሲታር ትሰማላችሁ፣ የሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ የሚመስል የኤሌክትሮኒክ ጫጫታ። ከዚያ ምቱ ዱብ ይላል፣ ከላዩ ጭብጨባ፣ ቃጭል፣ ፉጨት። ትራምፔቱ አጭር ሐረግ ያመጣል፣ በአልበሙ ውስጥ «ዜማ» ለማለት የሚቀርበው እሱ ብቻ ነው። ጭብጨባው ላይ አተኩሩ፣ ከከበሮው ጋር ልክ አይገጥምም፤ ትንሽ ይንገዳገዳል። መጀመሪያ ስህተት ይመስላል። በሦስተኛው ጊዜ ያለ እሱ ዘፈኑ ደረቅ ይሆንባችኋል።

እኔ የገባኝ ቤት ውስጥ አይደለም። ቤት ውስጥ ሁለቴ ሞክሬ ዘግቼዋለሁ። አንድ ቀን ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩት። ማዳመጫው ርካሽ ነው፣ የውጪው ድምፅ ይገባል። ወያላው «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላል፣ በሩን በመዳፉ ይመታል። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ አንዲት ሴትዮ መልስ ቀረኝ ብለው ይሟገታሉ። ሄንደርሰን ባሱን አልለቀቀም። የቱ ከአልበሙ፣ የቱ ከመንገዱ እንደሆነ ጠፋኝ፤ አራት ኪሎ ስንደርስ ሙዚቃው ገብቶኝ ነበር። ወራጅ አለ ማለት ረስቼ አንድ ፌርማታ አልፌያለሁ።

የትኛውን ቅጂ ልፈልግ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዋናውን፣ አራት ትራክ ያለውን። በ2007 ስድስት ሲዲ ያለው ሙሉ ስብስብ ወጥቷል፤ ከ1972 እስከ 1975 የተቀረጹትን፣ ማሴሮ ሳይቆርጣቸው በፊት የነበሩትን ጭምር ይዟል። ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። እሱን የምመክረው ለበሽተኞቹ ነው፣ እኔን መሰሎቹን።

ከወደድኩት ቀጥሎስ?

የማይልስን ከፈለጋችሁ በ1974 የወጣውን «ጌት አፕ ዊዝ ኢት»፣ ከዚያ በፌብሩዋሪ 1, 1975 በአንድ ቀን ጃፓን ኦሳካ ላይ የተቀረጹትን «አጋርታ» እና «ፓንጌያ»። በዚያው ዓመት መጫወት አቆመና አልበም ይዞ የተመለሰው በ1981 ነው።

ሌላ ትራምፔተኛ በፈንክ ካላችሁ ዶናልድ በርድ አለ። «ብላክ በርድ» በ1973 ወጥቶ ለብሉ ኖት ኩባንያ ትልቅ ሽያጭ አመጣ፤ ለስላሳ ነው፣ ዜማ አለው፣ ለእንግዳ የሚከፈት ነው። ከቅርቡ ደግሞ የሮይ ሃርግሮቭን የ2003ቱን «ሃርድ ግሩቭ» ስሙት።

በስልኬ ስፒከር ብሰማው ችግር አለው?

አለው። የስልክ ስፒከር ባሱን ያስቀረዋል፣ ባሱ ከሌለ ደግሞ የሚቀረው ጫጫታው ብቻ ነው፤ ያኔ ሃያሲዎቹ ልክ ነበሩ ትላላችሁ። ማዳመጫ ተውሱ።